ዋጋ ስብሰባ አይጠብቅም፦ ለብድር፣ ለሽያጭና ለፊክስ የሚሆን ቃለ ጉባኤ አዘገጃጀት

ዛሬ እሁድ ነው፤ ኒውዮርክ ዝግ ነው፣ ምርት ገበያም የለም፣ ስለዚህ ዋጋ አልለጥፍም። በምትኩ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስትጠይቁኝ የከረማችሁትን ነገር ላንሳ። «ባንኩ ቃለ ጉባኤያችሁን አስተካክላችሁ ኑ አለን»፣ «ገዢው የቦርድ ውሳኔ ላኩልኝ አለ፣ ምን ብለን እንጻፍ?»፣ «ያለፈው ዓመቱ አይሠራም ወይ?» የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው።

አስቀድሜ ልናገር፣ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ዲፕሎማዬ ቢዝነስ ነው፣ እንጀራዬ የቡናና የእህል ድለላ ነው። ግን በአንድ ቃለ ጉባኤ ምክንያት ደንበኛዬ ሲከስር በዓይኔ አይቻለሁ። ቃለ ጉባኤውን የተየብኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ጊዜው 2017 ጥቅምት መጨረሻ ነው። ደንበኛዬ ቡና ላኪ ነው፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር፣ አባላቱ ሦስት ወንድማማችና እህት። ሥራ አስኪያጁ መካከለኛው ወንድም ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። ሦስት ኮንቴይነር የታጠበ ሲዳማ ጥር ላይ ሊጭን፣ በቁርጥ ዋጋ (አውትራይት) ሸጠ። ያኔ ኒውዮርክ በፓውንድ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም አካባቢ ነበር። አቅራቢውን ያገናኘሁት እኔ ነኝ፤ ሰውየው «ዋጋውን 10 ቀን እይዝላችኋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ገበያው ያውቃል» አለን። ገንዘቡ ከባንክ የቅድመ ጭነት ብድር የሚመጣ ነው። ባንኩ የጠየቀው የተለመደውን ነው፦ የሽያጭ ውሉ፣ ንግድ ፈቃዱ፣ የማስያዣው ሰነድ፣ የአባላት ቃለ ጉባኤ።

ጋሼ «አንተ ኮምፒውተሩን ታውቅበታለህ፣ እሷን ወረቀት አዘጋጅልኝ» አለኝ። እሷን ወረቀት! እኔም ላፕቶፔ ላይ የሌላ ደንበኛ ቃለ ጉባኤ ነበረኝ፤ ኮፒ አድርጌ ስሙን ቀየርኩ፣ ቀኑን ቀየርኩ፣ ፕሪንት። አስራ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ጋሼ ፈረመ፣ ታላቅ ወንድሙ ፈረመ፣ ታላቅየው በእህታቸውም ፈንታ በውክልና ፈረመ፣ ማህተም ተመታ። ተመሰጋግነን ቡና ጠጣን።

ባንኩ ሦስት ጊዜ መለሰው።

መጀመሪያ የመለሰችው የሕግ ክፍሏ ልጅ ናት። ወረቀቱን ወደኔ አዙራ «ወንድሜ፣ ይሄ ቃለ ጉባኤ ምን እንደፈቀደ ልትነግረኝ ትችላለህ?» አለችኝ። አነበብኩት። «ሥራ አስኪያጁ ከባንክ ብድር እንዲወስዱና አስፈላጊውን ሁሉ እንዲፈጽሙ ተወስኗል» ይላል። ስንት ብር? የለም። ለምን ሥራ? የለም። በምን ማስያዣ? እሱስ አለ፤ የአንድ ኤፍኤስአር መኪና ሰሌዳ ቁጥር ተጽፏል። የኔ ጋሼ ግን ኤፍኤስአር ኖሮት አያውቅም። የዚያኛው ደንበኛ መኪና ነው፣ ኮፒ ሳደርግ የቀረ። የዚያን ቀን ያፈርኩትን እፍረት እስካሁን አልረሳውም።

ሁለተኛው የእህትየው ፊርማ ነው። እህትየው የምትኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ለታላቅ ወንድሟ የሰጠችው ውክልና አለ፤ ግን ቤቷን እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ ግብር እንዲከፍልላት የተሰጠ ነው። በማህበሩ ስብሰባ ተገኝቶ ድምፅ እንዲሰጥ፣ ማህበሩ እንዲበደር በስሟ እንዲስማማ የሚል አንድም ቃል የለውም። ሦስተኛው የማስያዣው ነገር ነው። ቤቱ በማህበሩ ስም ሳይሆን በታላቅ ወንድምየው በራሱ ስም ነው የተመዘገበው፤ የባለቤቱ ስምምነት ደግሞ አልቀረበም።

እህትየው ኤምባሲ ሄዳ አዲስ ውክልና ሰጠች፤ ወረቀቱ ተልኮ መጣ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋገጠ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀረበ። አዲስ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ብድሩ ሲለቀቅ ከመጀመሪያው ቀን 23ኛው ቀን ላይ ነበርን። በነዚያ ሳምንታት ኒውዮርክ 3 ዶላርን አለፈ፤ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1977ቱን ሪከርድ ሰበረ። አቅራቢው ቃሉን አላጠፈም፤ የሰጠን 10 ቀን አልፎ ነበር።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ኮንቴይነር 320 ኬሻ ነው፣ ኬሻው 60 ኪሎ፣ ድምሩ 19,200 ኪሎ፤ በፓውንድ ወደ 42,329 ማለት ነው። ዋጋ በፓውንድ 10 ሳንቲም በተንቀሳቀሰ ቁጥር በኮንቴይነር ወደ 4,233 ዶላር ይሄዳል ወይም ይመጣል። በሦስት ኮንቴይነር ወደ 12,700 ዶላር። የአገር ውስጥ ዋጋ ኒውዮርክን ሳንቲም በሳንቲም እንደማይከተል ታውቃላችሁ፤ ግን አቅጣጫውን ይከተላል። የሸጠው በቁርጥ ስለሆነ ገዢው አንድ ሳንቲም አይጨምርም። ጋሼ ስሙን ላለማበላሸት ቡናውን ገዝቶ ጫነ፣ ልዩነቱን ከኪሱ ቻለ። ኮሚሽኔን አልጠየቅኩም። እሱም አላነሳውም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው የማካፍላችሁ።

ቃለ ጉባኤ ከመጻፉ በፊት መከፈት ያለበት የማህበሩ መመሥረቻ ጽሁፍና መተዳደሪያ ደንብ ነው። ብዙዎቻችን ንግድ ፈቃድ ያወጣን ቀን ፈርመንበት መሳቢያ ውስጥ የከተትነው ያ ወረቀት። እዚያ ላይ ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ምን ማድረግ እንደሚችል፣ የአባላት ውሳኔ የሚፈልገው ምን እንደሆነ፣ ስብሰባ እንዴትና ከስንት ቀን በፊት እንደሚጠራ፣ ምልዓተ ጉባኤው ስንት እንደሆነ ተጽፏል። የእናንተ ከጎረቤታችሁ ይለያል። በጓደኛችሁ ቃለ ጉባኤ አትሥሩ የምለው ለሰሌዳ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። የንግድ ሕጉ በአዋጅ 1243/2013 ስለተለወጠ ደግሞ በድሮው ሕግ የተጻፈ መመሥረቻ ጽሁፍ ያላችሁ ሰዎች አንድ ቀን ከጠበቃ ጋር ቁጭ ብላችሁ ብታዩት አይቆጫችሁም። አዲሱ ሕግ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበርም ፈቅዷል። «እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ከማን ጋር ልሰብሰብ?» የሚለኝ ሰው አለ። ስብሰባው ባይኖርም ውሳኔው በጽሁፍ መቀመጥ አለበት፤ ባንኩ አንተን ሳይሆን ማህበሩን ነው የሚያበድረው።

ቀጥሎ ውሳኔው ራሱ። ያቺ የባንክ ልጅ የጠየቀችኝን ጥያቄ አሁን በያንዳንዱ ወረቀት ላይ ራሴን እጠይቃለሁ። ይህንን ወረቀት ማህበሩን የማያውቅ ሰው ቢያነበው ማን፣ ምን እንዲያደርግ፣ እስከ ስንት፣ ለምን ጉዳይ፣ በምን ማስያዣ፣ እስከ መቼ እንደተፈቀደለት ሳይደውልልኝ ይገባዋል ወይ? ካልገባው ውሳኔ አይደለም፤ ስብሰባ ተደርጓል የሚል ወሬ ነው። ለብድር እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቻላል፦

«ማህበሩ ለ____ ምርት ዘመን የኤክስፖርት ቡና መግዣ የሚውል፣ ዋናው ገንዘብ ከብር 18,000,000 (አስራ ስምንት ሚሊዮን ብር) የማይበልጥ የቅድመ ጭነት ብድር ከ____ ባንክ እንዲወስድ፤ ለዚህ ብድር በማህበሩ ስም የተመዘገበውንና የይዞታ ማረጋገጫ ቁጥሩ ____ የሆነውን መጋዘን በመያዣነት እንዲሰጥ፤ የብድሩንና የመያዣውን ውሎች ሥራ አስኪያጁ አቶ/ወ/ሮ ____ በማህበሩ ስም እንዲፈርሙ፤ ሥራ አስኪያጁ ከዚህ ጣሪያ በላይ ለመበደር አዲስ ውሳኔ የሚያስፈልጋቸው እንዲሆን፤ ይህ ሥልጣን እስከ ሰኔ 30 ቀን ____ ዓ.ም. ብቻ የሚጸና እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

እያንዳንዷ ሐረግ ሥራ አላት። «ዋናው ገንዘብ» ማለታችን ወለዱ ሲደመር ጣሪያውን አለፈ የሚል ክርክር እንዳይመጣ ነው። ቁጥሩን በፊደልም የምንጽፈው አንድ ዜሮ ቀላል ስለሆነች ነው። ሁለት ፈራሚ ካላችሁ «በጣምራ» ነው ወይስ «በተናጠል» የሚለውን አትርሱ። «አቶ እገሌና ወ/ሮ እገሊት እንዲፈርሙ» ብቻ ካላችሁ ባንኩ ጣምራ ነው ብሎ ይይዘዋል፤ አንዷ ሐዋሳ፣ አንዱ አዲስ አበባ ሆነው ሥራ ሲቆም አይቻለሁ።

ስለ ጣሪያው ገንዘብ አንድ ነገር ልጨምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሄደ። ከዚያ በፊት «ሥራ አስኪያጁ ከብር ይህን ያህል የማይበልጥ የሽያጭ ውል መፈረም ይችላሉ» ብለው የወሰኑ ማህበራት በአንድ ጊዜ ጣሪያቸው ተበላ። ያው ኮንቴይነር፣ ያው ቡና፣ በብር ሲሰላ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስለዚህ ለኤክስፖርት ሽያጭ ጣሪያውን በዶላር ወይም በኬሻ ብዛት አስቀምጡ፤ ለአገር ውስጥ ብድር በብር ይሁን።

ውክልናን በተመለከተ ያ የእህትየው ጉዳይ ቆጭቶኝ ሕጉን ራሴ አነበብኩት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2203 ላይ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል ይላል። በሚቀጥለው ቁጥር የአስተዳደር ሥራ ምን እንደሆነ ሲዘረዝር ደግሞ ሰብል መሸጥን፣ ለሽያጭ የተዘጋጀ ዕቃን መሸጥን፣ የሚበላሽ ነገርን መሸጥን ያካትታል። ለኛ ሥራ ይህቺ ትልቅ ነገር ናት፤ የተዘጋጀ ቡና ወይም በቆሎ መሸጥ ለጠቅላላ ወኪል የሚከለከል አይደለም ማለት ነው። 2205 ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይጠብቃል፦ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም ማስያዝ፣ ካፒታል ኢንቨስት ማድረግ፣ የሐዋላ ወረቀት መፈረም፣ መታረቅ፣ ጉዳይን ለግልግል ዳኝነት መስጠት፣ ስጦታ ማድረግ፣ ከሶ መከራከር ሁሉ ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። «ማናቸውንም ጉዳይ እንዲፈጽምልኝ» የሚለው አንቀጽ የቱንም ያህል ቢረዝም እነዚህን አይሸፍንም፤ ስማቸው ተጠርቶ መጻፍ አለበት።

ስለዚህ ውጭ አገር አባል ያላችሁ ሰዎች፣ አሜሪካም ይሁን ዱባይ ወይም እስራኤል፣ ምርት ሳይደርስ በክረምቱ ውክልናውን አስጨርሱ። በማህበሩ ስብሰባ እንዲገኝና ድምፅ እንዲሰጥ፣ ማህበሩ እንዲበደር እንዲስማማ፣ የማህበሩ ንብረት እንዲያዝ እንዲወስን፣ ቃለ ጉባኤ እንዲፈርም ብላችሁ በየስሙ ጻፉት። ኤምባሲ ቀጠሮ፣ ፖስታ፣ ውጭ ጉዳይ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ፤ ይሄ ሁሉ በኅዳር ወር በሩጫ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

የማስያዣውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ማህበር መወሰን የሚችለው በራሱ ንብረት ላይ ነው። ቤቱ የአንዱ አባል ከሆነ የማህበሩ ቃለ ጉባኤ ቤቱን አይነካውም፤ ባለቤቱ ራሱ መያዣ ሰጪ ሆኖ ይፈርማል። ያገባ ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ ደግሞ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) አንቀጽ 68 የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፣ የክልላችሁን እዩ። ባለቤትየዋን በመጨረሻው ቀን «ነይና ፈርሚ» ማለት ደግሞ ነውርም ነው። ቤቷ ነው፤ ከመጀመሪያው ትማከር።

አሁን ወደ ዩኒየኖችና የሽያጭ ፊክስ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው።

ፊክስ ያልተደረገ ውል ስትፈርሙ ዲፈረንሻሉ ብቻ ነው የታሰረው። የኒውዮርኩን ዋጋ በኋላ ቀን መርጣችሁ «ፊክስ አድርግልን» ትላላችሁ። የኒውዮርክ አረቢካ ገበያ በእኛ ሰዓት ከረፋዱ 5:15 ተከፍቶ ከምሽቱ 2:30 ይዘጋል። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ በሚመልሱባቸው የብርድ ወራት፣ ማለትም እኛ ቡና በምንሸጥበት ዋና ወቅት፣ ከቀኑ 6:15 እስከ ምሽቱ 3:30 ይሆናል። ዋጋው ብዙ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ያን ጊዜ የሥራ አመራር ኮሚቴው አባል የት ነው? አንዱ እርሻው ላይ፣ አንዱ ለቅሶ ቤት፣ አንዱ ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ። ሥራ አስኪያጁ ይደውላል፣ ሰብሳቢው «ነገ ተሰብስበን እንወስን» ይላሉ። ነገ ተሰብስበው ሲወስኑ ዋጋው የለም።

በሌላ በኩል ሥራ አስኪያጁ ደፍሮ ፊክስ ያደርግና ዋጋው በማግስቱ ይጨምራል። ያኔ ደግሞ «ማን ፈቀደልህ?» ይመጣል። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሥራ አስኪያጅ ሲገመገም ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ ሰውየው የሠራው ስሕተት አልነበረም፤ የፈቃድ ወረቀት ስላልነበረው ብቻ እንደ ሌባ ታየ። 2017 የካቲት ላይ ኒውዮርክ ከ4 ዶላር በላይ በነበረበት ጊዜ ፊክስ ለማድረግ የፈሩ ሥራ አስኪያጆች የፈሩት ገበያውን ብቻ ነበር ብዬ አላስብም። ጉባኤውንም ፈርተው ነው።

መፍትሔው ዋጋ ሳይመጣ የሚወሰን ውሳኔ ነው። ሽያጭ ከመጀመሩ በፊት ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ የገበያ መረጃ ተመልክቶ፣ ወሰኑን ያስቀምጣል። ናሙናው ይህን ይመስላል፦

«ዩኒየኑ በ____ ምርት ዘመን ከሚሸጠው ቡና ውስጥ እስከ 10 ኮንቴይነር (3,200 ኬሻ) የሚሆነውን፣ የኒውዮርክ ዋጋ በፓውንድ ከ____ ሳንቲም ባላነሰ፣ በአንድ ቀን ከ2 ኮንቴይነር ባልበለጠ፣ ሥራ አስኪያጁና የሽያጭ ኃላፊው በጣምራ በጽሁፍ ትዕዛዝ ፊክስ እንዲያደርጉ፤ ፊክስ በተደረገ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኮሚቴው ሰብሳቢና ለቁጥጥር ኮሚቴው በጽሁፍ እንዲያሳውቁ፤ ዋጋው ከተጠቀሰው ወለል በታች ከወረደ ኮሚቴው በ48 ሰዓት ውስጥ ተሰብስቦ እንዲወስን፤ ይህ ውሳኔ እስከ ____ ቀን የሚጸና እንዲሆን ተወስኗል።»

ወለሉን የሚያወጣው ወጪያችሁ ነው። እሸት የገዛችሁበት፣ ማጠቢያው፣ ትራንስፖርቱ፣ ወለዱ ተደምሮ። ወለሉን ከወጪያችሁ በጣም አርቃችሁ ከሰቀላችሁት ሥልጣኑ በወረቀት ብቻ ይቀራል፤ ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ሳይጠቀምበት ወቅቱ ያልፋል። ያችን «በ48 ሰዓት ውስጥ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በተለይ አትቁረጧት፤ ዋጋ ሲወርድ ሁሉም ዝም የሚልበት ጊዜ ነውና። ላኪዎችም ብትሆኑ በቤተሰብ ማህበራችሁ ይህንኑ ማድረግ ትችላላችሁ።

ዩኒየን ውስጥ ደግሞ የምን ውሳኔ የማን እንደሆነ ለዩ። ዕለታዊ ሽያጭ የሥራ አመራር ኮሚቴው ሊሆን ይችላል፤ ትልቅ ብድር፣ ሕንፃና መሬት፣ የትርፍ ክፍፍል ግን ጠቅላላ ጉባኤ ይፈልግ ይሆናል። የኅብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ 985/2009 እና የራሳችሁ መተዳደሪያ ደንብ አብረው ይነበቡ። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው የተወካዮች ነገር ነው። በዩኒየኑ ጉባኤ የሚቀመጠው የመሠረታዊ ማህበሩ ተወካይ ነው፤ እሱን ማን መረጠው? የመሠረታዊ ማህበሩ ቃለ ጉባኤ ከፋይሉ ጋር ካልተያያዘ፣ አንድ ቅር ያለው ወገን በኋላ ተነስቶ ጉባኤው በሙሉ ትክክል አልነበረም ሊል ይችላል። የእህል ዩኒየኖች ለበቆሎና ለቦሎቄ ጨረታ ስትገቡም እንዲሁ ነው፤ የጨረታ ማስከበሪያ ለማውጣት ባንክ ቃለ ጉባኤ ይጠይቃል፣ ጨረታው የሚዘጋበት ቀን ግን ኮሚቴያችሁን አይጠብቅም።

አሁን ደግሞ ደስ የማይል ነገር ላውራ። ቀን ወደ ኋላ መጻፍ። «ውሉ ጥቅምት 20 ተፈርሟል፣ ቃለ ጉባኤው የለም፣ በጥቅምት 18 አድርገን እንጻፈው።» በኛ ሥራ ይሄ እንደ ቀልድ ይነገራል። አታድርጉት። በዚያ ቀን አንደኛው ፈራሚ ዱባይ እንደነበረ ፓስፖርቱ ላይ ማህተም አለ። የቃለ ጉባኤው ተራ ቁጥርም ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጋር አይገጥም። አባላቱ ሲጣሉ ደግሞ (ይጣላሉ!) ያንን ወረቀት መጀመሪያ የሚያወጣው አብሮ የፈረመው ሰው ነው። እውነተኛው መንገድ ቀላል ነው። ሕጉ (የፍትሐ ብሔር ቁጥር 2190 እና ተከታዩ) ከሥልጣኑ ያለፈ ወኪል የሠራውን ሥራ ባለቤቱ ሊያጸድቀው ወይም ሊጥለው እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህ ዛሬ ተሰብሰቡ፣ የዛሬን ቀን ጻፉ፣ «ሥራ አስኪያጁ ጥቅምት 20 ቀን ከ____ ጋር የፈረሙትን፣ የ____ ኬሻ ሽያጭ ውል አባላቱ አንብበው አጽድቀዋል» በሉ። ማጽደቂያ ውሳኔ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ግን ልማድ አታድርጉት፤ አባላቱ አናጸድቅም የማለት መብትም አላቸው።

የጥቅም ግጭትም እንዳለ ይጻፍ። የሚከራየው መጋዘን የሥራ አስኪያጁ የባለቤቱ ወንድም ከሆነ፣ ሁሉም ያውቃል፣ ወረቀቱ ግን አያውቅም። «አቶ እገሌ ከአከራዩ ጋር ያላቸውን ዝምድና ለስብሰባው ገልጸው ድምፅ ከመስጠት ታቅበዋል» የምትል አንዲት መስመር ስንቱን ሐሜት ትዘጋለች መሰላችሁ። ኪራዩ ከሰፈሩ ዋጋ ጋር መነጻጸሩንም ጨምሩበት።

ለደላላና ለነጋዴ ወንድሞቼና እህቶቼ ደግሞ፦ እናንተም ጠይቁ። የዩኒየን ሽያጭ ኃላፊ በስልክ «ተስማምተናል» ሲላችሁ፣ በማን ሥልጣን? በባህላችን መጠየቁ ይከብዳል፣ በተለይ ትልቅ ሰውን። እኔ አሁን እንዲህ እላለሁ፦ «ጋሼ፣ እርስዎን ሳላምን ቀርቼ አይደለም፤ ገዢው ፋይል ውስጥ የሚያስገባው ነው፣ የውሳኔዋን ኮፒ ቢልኩልኝ።» አብዛኛው ሰው ይልካል። የተቆጣኝ አንድ ሰው ነበር፤ በኋላ እንደሰማሁት ኮሚቴው ስለ ሽያጩ ምንም አያውቅም ነበር።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ቃለ ጉባኤ መዝገብ ይኑራችሁ፤ ተራ ቁጥር ያለው፣ ገጹ የተቆጠረ። ለባንክ የሚሄደው ኮፒ ነው፣ ዋናው ከቤት አይወጣም። የስብሰባው ጥሪ የተላከበትን ማስረጃ፣ በቴሌግራም ቢሆንም፣ ስክሪንሹት አድርጋችሁ አትማችሁ አያይዙ። የተገኙት ስም ከነአክሲዮን ወይም መዋጮ ድርሻቸው ይጻፍ፤ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ የሚታየው ከዚያ ነው። የተቃወመ ካለ ተቃውሞው ይጻፍ፤ «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን ስለሚያምር ብቻ አትጻፉት። ማህተም ደግሞ ውሳኔ አይሆንም። ስንት ቃለ ጉባኤ አይቻለሁ፣ ማህተሙ ሦስት ቦታ ተመቶ ውስጡ ባዶ የሆነ።

ጋሼ አሁንም ደንበኛዬ ነው። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ራሱ ደውሎ «የእህቴ ውክልና ደርሷል፣ ቃለ ጉባኤውን እንጻፍ፣ ግን በዚህ ጊዜ ጠበቃው ይጻፈው፣ አንተ አንብበው» አለኝ። ትክክል ነው። አነበብኩት፤ ሁለት ቦታ ላይ ጥያቄ አነሳሁ፣ አንዱን ተቀበሉኝ።

የሁለቱን ናሙናዎች የዎርድ ፋይል ከዚህ መልእክት በታች አያይዣለሁ። ባዶ ቦታዎቹን ሆን ብዬ ነው የተውኳቸው፤ እንዳለ ኮፒ አድርጎ የሚያስገባ ሰው ባንኩ ደጃፍ ላይ ይቁም። ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ የማህበራችሁን ስምና የባንክ ዝርዝራችሁን ግን አትላኩ። ነገ ሰኞ ኒውዮርክ ሲከፈት በተለመደው ሰዓት ዋጋ ይዤ እመለሳለሁ።